ለሕዋ ነዋሪዎች በአቅራቢያቸው የሚዳኝ ሸንጎ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጉዳዩ፦ ወደፊት በሕዋ ስለሚመሠረቱ ሰፈራዎች ዳኝነት

እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈረመው የሕዋ ስምምነት አንቀጽ 8፣ መንኮራኩሩን ያስመዘገበው አገር በውስጡ ባሉ ሰዎች ላይ ሥልጣኑ እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል። ይህ ለጥቂት ወራት ተልእኮ ይበቃል፤ እዚያው ተወልዶ ለሚያድግ ልጅ ግን አይበቃም። ከምድር ሆኖ መዳኘትም ያስቸግራል፤ ከማርስ የሚላክ መልእክት ምድር ለመድረስ እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ በሰፈራው የሚተነፈሰው አየር ሳይቀር ሰፈራውን በሚያስተዳድረው አሠሪ እጅ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን አሠሪ ሠራተኛው የት ሄዶ ይከሳል? ነዋሪው የመረጠው ሸንጎ በቦታው ይዳኝ፤ ይግባኙ ወደ ምድር ይምጣ።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የሕዋ ኮሚቴ አባል ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራን በዚህ ላይ ረቂቅ ሐሳብ እንዲያዘጋጁ፣ ልዑካኖቻችንም ለኮሚቴው እንዲያቀርቡት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ