ትንኟ ምን አደረገች?

ክቡር አዘጋጅ፣

በዩኒቨርሲቲዎች ስለሚካሄዱ የቅርብ ጊዜ ምርምሮች ሰሞኑን ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አንባቢዎቻችሁ አይተውታል ብዬ ልነሣ። ከሕክምና ጀምሮ በተፈጥሮ ሳይንስና በምሕንድስና አልፎ ፍልስፍና ላይ ያረፈ፣ ሁለት ገጽ የሞላ ጽሑፍ ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈው ክፍል ጥሩ ነበር፤ ጸሐፊው እዚያ ላይ ተዘጋጅቶ እንደመጣ ያስታውቃል። የሕክምናው ክፍል ግን በደጋው የሀገራችን ክፍል ስለሚታየው የእግር እብጠት ሲያወሳ «በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው የዝሆኔ በሽታ» ብሎ አለፈ። አለፈ ማለቴ በምክንያት ነው። ቀጥሎ ያለው ሐሳብ ስለ ሕመምተኞቹ ሳይሆን ስለ አንድ የውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ዝና ነው።

እኔ የምኖረው ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ ሙያዬ መምህርነት። የእናቴ ሁለቱም እግሮች ከጉልበት በታች ያበጡ ናቸው፤ የእናቷም እንደዚያው ነበሩ። ስለዚህ ስለ ትንኟ ጥቂት የምጠይቀው አለኝ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የእኛ ቀበሌ ከዚያም ጥቂት ከፍ ይላል። በክረምት ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን በምንተኛበት ሀገር ይህች ትንኝ በምን ብርታቷ ትበራለች? እሺ፣ ብርዱን ችላ ወጣች እንበል። ታዲያ ወባ ሰው ከሚያንቀጠቅጥበት ከዓባይ በረሃ ይልቅ ደጋውን የመረጠችው አየሩ ተስማምቷት ይሆን? ጨዋነቷስ! የወረዳውን ሹም አትነክስ፣ ባለሱቁን አትነክስ፣ የቆዳ ጫማ ያጠለቅሁትን እኔን አትነክስ፤ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረውን ገበሬና በባዶ እግሯ ውኃ ስትቀዳ የኖረችውን እናቴን ግን ለይታ ታውቃለች። ጫማ አይታ የምትመለስ ትንኝ በእርግጥም ለዩኒቨርሲቲ ምርምር ትበቃለች።

ቀልዱን ልተወው። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ትንኝ የለበትም፤ ትልም፣ ባክቴሪያም፣ ቫይረስም የለበትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው ቀይ ሸክላማ አፈር፣ ከፍታ ባለውና ዝናብ በሚበዛበት ቦታ፣ ዓይን የማያያቸው የማዕድን ቅንጣቶች ይይዛል። ሰው ይህን አፈር ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጥ ቅንጣቶቹ በቆዳው ዘልቀው ከእግር ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ። ቧንቧዎቹ እየጠበቡ ይደፈናሉ፤ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል፤ እግር ያብጣል። አጀማመሩ ግን እብጠት አይደለም፤ ማሳከክና ማቃጠል ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሌሊት ተነሥታ የእግሯን መዳፍ ቀዝቃዛው የጭቃ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ትቀመጥ ነበር። ያን ጊዜ እግሯ ገና እንደማንኛውም ሰው እግር ነበር፤ ሳሙናና ጫማ ሊያድናት ይችል የነበረውም ያን ጊዜ ነበር።

«በባዶ እግሩ የሄደ ሁሉ ለምን አይታመምም?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» ላይ ባወጡት ጥናት፣ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ከሚመሩት ዘረመሎች መካከል አንዳንዶቹ ሰውን ለዚህ በሽታ የበለጠ እንደሚያጋልጡ አሳይተዋል። አፈሩ ብቻውን አይበቃም፣ ዘሩም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የተጋለጠ ቤተሰብ ውስጥ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ አይታመምም። በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያም ይኸው በሽታ ነበረ፤ ሕዝቡ ጫማ ሲያደርግ ጠፋ። ትንኝ ያሳደደ የለም።

ጸሐፊው ከየት እንደተምታታበት ይገባኛል፤ ፍትሐዊ ልሁን። በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዝሆኔ በእርግጥ አለ፤ ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ ይሉታል። ጋምቤላን በመሰለ ቆላማ ስፍራ ይገኛል፤ የሚያመጣው ቀጭን ትል ነው፤ ለመከላከልም ክኒን በዘመቻ ይታደላል። እብጠቱ ጭንና ብልት ድረስ ሊደርስ ይችላል። የእኛው ከእግር ጣት ይነሣና አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቀራል፣ ሁለቱንም እግሮች ይይዛል። ሁለቱን ለመለየት የምርምር ማዕከል መሆን አያስፈልግም፤ ሕመምተኛው የት እንዳደገና እብጠቱ ከየት እንደጀመረ የሚጠይቅ አንድ ነርስ ይበቃል። አንድ ጋዜጠኛም፣ ስልክ ካነሣ።

ነገሩ ደግሞ ትናንት የተገኘ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን ከአፈር ጋር ያያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተዘነጉት የቆላ በሽታዎች መዝገብ አስገባው (ደገኛ በሽታ በቆላ መዝገብ! ይህ እንኳ የእናንተ ጥፋት አይደለም)። ከዚያ ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ በመላ ሀገሪቱ ከ1,300 በላይ መንደሮችን አዳርሰው ካርታ ሠሩ፤ እግሩ ያበጠውን ሰው በትንኝ የሚመጣው በሽታ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ደሙን እየመረመሩ። ከ775 ወረዳዎች 345ቱ በሽታው ያለባቸው ሆነው ተገኙ፤ አፈሩና አየሩ ለበሽታው በሚመችበት ስፍራ የሚኖረው ሕዝብ 34.9 ሚሊዮን ተብሎ ተገመተ። የእኛ ዞን በካርታው ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል።

በዚሁ ዞን ውስጥ ሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቹ 696 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ጥናት አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ላይ አውጥተዋል። ሕክምናው ምን ነበር? እግርን በሳሙናና በፀረ ተሕዋስያን ውኃ መታጠብ፣ ቆዳውን በቫዝሊን ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ትኩሳት አስነሥቶ አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር ቁጣ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ለእናንተ አንባቢ ይህ ትንሽ ይመስል ይሆናል። እናቴን ያ ቁጣ ሲይዛት እግሯን ብርድ ልብስ እንኳ ሊነካው አትወድም፤ ማጀቷ ይዘጋል፤ እህል ሳይፈጭ ያድራል።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ዘገባችሁ ውስጥ የለም። የእንግሊዙ የብራይተን እና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዋ ጌይል ዴቪ ብትጠቀስ እሰየው እል ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተምራለች፣ ለዚህ በሽታ የደከመችውን የሚክድ የለም። የእናንተ ዘገባ ግን እሷንም በስሟ አልጠራም፤ «የውጭ ተመራማሪዎች» ብሎ ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው።

«ይህ ሁሉ ቁጣ ለአንዲት ትንኝ?» ትሉኝ ይሆናል። በአካባቢያችን ይህን በሽታ አንዱ እርግማን ይለዋል፣ ሌላው መተት፣ ሌላው ደግሞ እባብ የሄደበትን መርገጥ። የታላቅ እህቴ ቃል ኪዳን የፈረሰው የሙሽራው ዘመዶች ለሽምግልና መጥተው እናቴ ቡና ልታቀርብ ስትነሣ እግሯን ስላዩ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የጤና ተቋም እናቴን በቅጡ ሳይመረምር የትል ክኒን ሰጥቶ ሸኝቷታል፤ ክኒኑን ጨረሰች፣ እግሯ እንዳለ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት እየዞሩ «አፈር ነው፣ አይጋባም» እያሉ ሰዉን ማሳመን ገና መጀመራቸው ነበር። ጎረቤታችን ከእናቴ ጋር አንድ ረከቦት ላይ መቀመጥ የጀመረችው ይህን ሰምታ ነው።

ዘገባችሁን ትልቁ ልጇ ከስልኩ ጮክ ብሎ አነበበላት። በማግስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ደጃችን ድረስ መጣች፤ አልገባችም። «እማማ አይቀየሙኝ፤ እርስዎን የነከሰችዋ ትንኝ ይህን ልጅ እንዳትነክስብኝ ብዬ ነው» አለች። እናቴ «ምን በወጣሽ» ብላ ሸኘቻት፤ የቀዳችላትን ሲኒ መልሳ ጀበናው ውስጥ ገለበጠች። ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ጤና ኬላ ሄዳ አጎበር ጠየቀች አሉ። አልፈርድባትም። ጋዜጣ አምና ነው። እኔም ሄጄ ላስረዳት ሞከርሁ፤ «ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው ብሎ ነው ያነበበልኝ» አለችኝ። በመምህርነት ደመወዜ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ልከራከር?

የፍልስፍናው ክፍላችሁ ማሽን ኅሊና ሊኖረው ይችላል ወይ ብሎ በሰፊው ተፈላስፏል። መልካም። ግን ከዚሁ ከእግር እብጠቱ ጥናት ውስጥ ራሱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነበረላችሁ። ተመራማሪዎቹ ወላይታ ላይ ለዘረመል ጥናት ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ማኅበረሰቡ ምን እንደሚፈራ ሄደው ጠየቁ። ሕዝቡ የፈራው መርፌውን አልነበረም፤ «በዘር ይመጣል» የሚለው ወሬ በሳይንስ ማኅተም ተመትቶ ልጆቻችንን ከትዳር ያስቀራቸዋል ብሎ ነው። እንዴት ፈቃድ ይጠየቅ፣ እንዴት ይነገር የሚለውን ከዚያ ተነሥተው አስተካከሉ፤ ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ተመራማሪ አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት ቃሉ መንደር ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ካሰበ፣ ጋዜጣ ማሰብ ያቅተዋል? የማሽኑ ኅሊና ጥቂት ቢቆይ የሚጎዳ የለም።

ምሕንድስና ካላችሁም እነሆ፤ እናቴ እግር የሚገባ ጫማ በደብረ ማርቆስ ሱቆች አይገኝም። ልኳን ነግሬያቸው የሳቁብኝ አሉ። ወላይታ ዞን ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት በሽታው ሕመምተኞችን ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያሳጣቸው፣ ዞኑንም በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስከስረው አስልቷል። ሰፊ፣ ጠንካራና ርካሽ ጫማ መሥራት ለመሐንዲስ የሚያሳፍር ርዕስ አይመስለኝም።

ፎቶውንም ሳላነሣ አላልፍም። ሁለት ያበጡ እግሮች፣ ፎቶው ከጉልበት ላይ የቆረጣቸው። ባለቤታቸው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ፣ ፈቅዶ ይሁን ሳይፈቅድ አልተጻፈም። የፎቶ አንሺው ስም ግን ጥጉ ላይ በደቃቁ አለ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ይውጣ፤ በድረ ገጻችሁ ላይ ያለውም ጽሑፍ ይስተካከል። «ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው የተለመደው መስመር ባይኖርበት ቅር አይለኝም። «አይተላለፍም» የሚለው ግን ርዕሱ ላይ ይሁን፤ የጎረቤታችን ልጅ ከርዕሱ አልፎ የሚያነብበት ቀን ጥቂት ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም