አሸናፊውን ነገራችሁን፤ ሕጉንስ ማን ይንገረን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የስፖርት ገጻችሁን ሁሌም አነባለሁ። ኦሊምፒክ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉም ቀድሜ የምገልጠው እሱን ነው። ማን እንዳሸነፈ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን ተጎድቶ እንዳቋረጠ በደንብ ትነግሩናላችሁ። የማትነግሩን ነገር ግን አለ። ውድድሩ ራሱ እንዴት ነው የሚሠራው? ሰው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ለምን አራት ሯጭ አላሰለፉም? ይሄ ዋናተኛ እንዲህ ወደ ኋላ እየቀረ እንዴት እዚህ ደረሰ? ሁለት ሰው እንዴት ነሐስ ይወስዳል? ያቺ ደሴት አገር ናት እንዴ?

ጠያቂው ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። «ሕጉ ነዋ» ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ማን መነሻ መስመሩ ላይ እንደሚቆም የሚወስነው እግርና ሳንባ ብቻ አይደለም። ሕጉም ይወስናል፤ ሕጉን ደግሞ ሰዎች ተሰብስበው ያወጡታል፣ ይቀይሩታል። ስለዚህ ዛሬ እነዚህን ጥያቄዎች አንስቼ፣ የማውቀውን ያህል እየመለስኩ፣ ቋሚ ቦታ እንድትሰጧቸው ልለምናችሁ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በቁጥሩ ልጀምር። በኦሊምፒክ አትሌቲክስ አንድ አገር በአንድ የግል ውድድር ከሦስት ሰው በላይ ማሰለፍ አይችልም። ሚኒማ (ለመግባት የሚጠየቀውን ሰዓት) ያሟሉ 20 ሯጮች ቢኖሩትም ሦስት ነው። እንደ ኬንያና ኢትዮጵያ በረጅም ርቀት በታወቁ አገሮች አራተኛ የወጣ ሯጭ፣ ሌላ አገር ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም ክርክር ይመረጥ ነበር። እቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው ግን በሰዓት የማይደርሱበት ሰዎች ሲሮጡ ነው። በውኃ ዋና ቁጥሩ ወደ ሁለት ይወርዳል። በጠረጴዛ ቴኒስ ነጠላ ውድድርም ሁለት ነው፤ የእሱ አመጣጥ ደግሞ ግልጽ ነው። በ2008 ቤጂንግ ላይ ቻይናውያን በወንዶችም በሴቶችም ነጠላ ከወርቅ እስከ ነሐስ ያለውን ጠርገው ወሰዱ። ከ2012 ለንደን ጀምሮ ለአንድ አገር የሚፈቀደው ሁለት ተጫዋች ብቻ ሆነ። አንድ አገር በጣም ጎበዝ ስለሆነ በሩ ጠበበ ማለት ነው።

ይህ ፍትሕ ነው? እውነቱን ለመናገር በሁለቱም በኩል ክርክር አለ። ገደቡ ባይኖር አንዳንድ ውድድር የአንድ አገር የውስጥ ሻምፒዮና ይመስላል፤ ቦታውም ውሱን ነው፣ ፓሪስ 2024 ላይ ለስፖርተኞች የተመደበው 10,500 ገደማ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ኦሊምፒክ ከዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና አንድ ነገር ቢወስድ ደስ ይለኛል። እዚያ የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን በቀጥታ ስለሚገባ አገሩ አራተኛ ሰው ማሰለፍ ይችላል። ኦሊምፒክ ላይ ይህ የለም። ያለፈው ኦሊምፒክ ሻምፒዮን እንኳ በአገሩ ምርጫ ሦስት ውስጥ ካልገባ ይቀራል። ርዝመቱ አራት ዓመት የሆነ ጥበቃ እንዲህ ሲያልቅ ማየት ያሳዝናል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው በር ደግሞ ብዙ ሰው የሚስቅበት ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ሊዋኝ ወጣ። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ከመነሻ ምልክቱ በፊት ገብተው ስለተሰረዙ ብቻውን ዋኘ። በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ነው የጨረሰው፤ ከዓለም ምርጦቹ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይቶ። እንዴት ገባ? አገሮች ሁሉ እንዲሳተፉ ተብሎ፣ ሚኒማ ያሟላ ሰው ለሌላቸው አገሮች የሚሰጥ ልዩ ቦታ አለ። በአትሌቲክስም በተወሰኑ ርቀቶች ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት ይሰጣል። በዚህ ቦታ የሚመጡትን ሰዎች ማላገጫ ማድረግ ነውር ነው። ሕጉ የተጻፈው ለእነሱ ነው፤ ማንም ላይ አላጭበረበሩም። የመጀመሪያው ሰው ካልመጣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከየት ይመጣሉ?

እሺ፣ አገር ማለትስ ምን ማለት ነው? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 193 አባል አገሮች አሉት። ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴዎች ግን 206 ናቸው። ትርፎቹ እነ ፖርቶ ሪኮ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ቤርሙዳ፣ አሩባና የመሳሰሉት ናቸው። ፖርቶ ሪካውያን የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ሆኖም ሞኒካ ፑይግ በ2016 ሪዮ ላይ በቴኒስ ወርቅ ስትወስድ የተሰቀለው የፖርቶ ሪኮ ባንዲራ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ግዛት ልመዝገብ ቢል አይቻልም። ከ1996 ወዲህ አዲስ የሚገባው በዓለም አቀፍ ደረጃ እውቅና ያለው ነፃ አገር መሆን አለበት። ቀድሞ የገባው ግን ቀጠለ። በሌላ በኩል እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ኦሊምፒክ ላይ ታላቋ ብሪታንያ ሆነው አንድ ላይ ይመጣሉ፤ በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች በሚገናኙባቸው ኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ላይ ግን ለየብቻ ቡድን ይዘው እርስ በርስ ይፎካከራሉ። ልጅ ይህን አይቶ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ዜግነት የቀየረ ስፖርተኛም አለ። ለአንድ አገር ከተወዳደረ በኋላ ለሌላ አገር ኦሊምፒክ ላይ ለመቅረብ፣ ለመጀመሪያው አገር ከተወዳደረበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት መሙላት አለበት። የሚመለከታቸው ወገኖች ከተስማሙ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። አገር አልባ ለሆኑትም ከ2016 ጀምሮ የስደተኞች ቡድን አለ። ሪዮ ላይ በ10 ሰው ተጀመረ፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ቦክሰኛዋ ሲንዲ ንጋምባ ነሐስ ወስዳ ለቡድኑ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ አስገኘች። ለእኔ የዚያ ኦሊምፒክ ትልቁ ዜና ይሄ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በየቀኑ የሜዳሊያ ሰንጠረዥ ታወጣላችሁ። ደረጃው በወርቅ ብዛት ነው። ማን እንዲህ አለ? የኦሊምፒክ ቻርተር ውድድሩ በስፖርተኞች መካከል እንጂ በአገሮች መካከል አይደለም ይላል። አሜሪካውያን መገናኛ ብዙኃን ብዙ ጊዜ በጠቅላላ ድምር ነው የሚደረድሩት፤ ሌላው ዓለም በወርቅ። በ2008 ቻይና በወርቅ አንደኛ ነበረች፣ አሜሪካ በድምር። ሁለቱም አገር አንደኛ ነኝ የሚልበት ሰንጠረዥ ነበረው። በፓሪስ ሁለቱም 40፣ 40 ወርቅ ይዘው አሜሪካ የቀደመችው በብር ነው፤ 44 ለ27። በወርቅ መደርደሩን ተዉ አላልኩም። ከሰንጠረዡ ሥር በአንድ መስመር «ደረጃው በወርቅ ብዛት ነው፤ ይህ የጋዜጣው አደራደር ነው» ብላችሁ ጻፉ። ሌላ የምጠይቀው የለም።

ሁለት ነሐስ ለምን? በቦክስ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የተሸነፉት ሁለቱም ነሐስ ይወስዳሉ። ጭንቅላቱን የተመታን ሰው ለሦስተኛ ደረጃ ብሎ እንደገና ማስደብደብ ተገቢ አይደለም፤ ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። በጁዶ፣ በትግልና በቴኳንዶም ሁለት ነሐስ አለ፣ እዚያ ግን ቀድመው ተሸንፈው የነበሩ ሰዎች በሌላ መንገድ ተመልሰው ስለሚገቡ ለነሐሱ ይታገላሉ።

ወርቅም ሁለት የሆነበት ጊዜ አለ። ቶኪዮ ላይ በከፍታ ዝላይ የኳታሩ ሙታዝ ባርሺምና የጣሊያኑ ጃንማርኮ ታምቤሪ 2 ሜትር ከ37 ዘለው በሙከራም እኩል ሆኑ። ዳኛው መለያ እንዲዘሉ ሲጠይቃቸው ባርሺም ሁለት ወርቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ይቻላል። ተቃቀፉ። ዓለም አለቀሰ። ፓሪስ ላይ ደግሞ ሃሚሽ ኬርና ሼልቢ ማክዩን በ2 ሜትር ከ36 እኩል ሆነው ያንኑ ምርጫ አገኙ፤ እነሱ ግን መለያውን መረጡ፣ የኒውዚላንዱ ኬር አሸነፈ። አንዳንዱ ይህን ስግብግብነት ነው ብሎ ነቀፋቸው። እኔ አልስማማም። ሕጉ ምርጫውን የሰጠው ለዘላዮቹ ነው። አሜሪካዊው ማክዩንም ብሩን ይዞ በክብር ወጥቷል።

ሌላው ጋዜጦች በቂ ቦታ የማይሰጡት ነገር፣ ውድድሩ ካለቀ ከዓመታት በኋላ የሚቀየረው ውጤት ነው። ከስፖርተኞች የሚወሰደው ናሙና እስከ 10 ዓመት ተቀምጦ በአዲስ መሣሪያ እንደገና ሊመረመር ይችላል። ከምርመራ ውጪ በተገኘ ማስረጃም ውጤት ይሰረዛል። አሜሪካዊቷ ላሺንዳ ዲመስ በ2012 ለንደን በ400 ሜትር መሰናክል በ0.07 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች። በኋላ የአሸናፊዋ ውጤት ከአበረታች ቅመም ጋር በተያያዘ ተሰረዘ። ዲመስ ወርቋን የተቀበለችው በ2024 ፓሪስ ላይ፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ሩጫ ካቆመች፣ ልጆቿ ካደጉ በኋላ። ያቺ ሴት በለንደን ምሽት መዝሙሯን መስማት ነበረባት፤ ማንም ሊመልስላት አይችልም። ታዲያ እባካችሁ፣ የለንደኑን ውጤት በፊት ገጽ ካወጣችሁ እርማቱንም ደህና ቦታ ላይ አውጡት። ጥግ ላይ በአራት መስመር አትቅበሩት።

ገንዘቡስ? ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለአሸናፊ ገንዘብ አይሰጥም። ሽልማቱ የሚመጣው ከየአገሩ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ወርቅ ለአንዱ ቤት ያሠራል፣ ለሌላው ጭብጨባ ብቻ ያተርፋል። የዓለም አትሌቲክስ በፓሪስ ለእያንዳንዱ የወርቅ ባለቤት 50,000 ዶላር በመክፈል የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሆነ። ሌሎች ፌዴሬሽኖች ተቃወሙት። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ሰው የሚያየው ሯጩን ነው፣ የስርጭት መብቱም የሚሸጠው በሯጩ ነው። ወርቁ ራሱ ደግሞ በአብዛኛው ብር ነው፤ ላዩ ላይ 6 ግራም ገደማ ወርቅ ይቀባል። ሙሉ ወርቅ የሆነው ሜዳሊያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ1912 ስቶክሆልም ነው።

አዘጋጅ ከተማ ስለሚያወጣው ወጪ ብዙ ስለተባለ አላረዝምም። ሞንትሪያል የ1976ቱን ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት የ2026ቱን ኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ወጪው ከበደኝ ብላ በ2023 ስትተወው ግላስጎው ስፖርቶቹን ወደ 10 አሳንሳ ተረከበችው።

ትናንሾቹም ጥያቄዎች መልስ አላቸው። የመክፈቻው ሰልፍ ላይ ግሪክ ትቀድማለች፣ አዘጋጁ ይጨርሳል፤ መሃል ያለው በአብዛኛው በአዘጋጁ አገር ፊደል ተራ ነው። ለዚህ ነው በ1988 ሴኡል ላይ ከግሪክ ቀጥላ ጋና የገባችው። ቶኪዮ 2020 በ2021 ተካሂዶም ስሙ አልተቀየረም። በጦርነት ምክንያት የተሰረዙት የ1916፣ የ1940ና የ1944 ጨዋታዎች በቆጠራው ስለሚገቡ ፓሪስ 33ኛው ተባለ፤ በተግባር የተካሄዱት ግን 30 ናቸው።

ሎስ አንጀለስ 2028 እስኪደርስ ጊዜ አለ። በሳምንት አንዲት ጥያቄ፣ ግማሽ ዓምድ ይበቃል። ጥያቄውን አንባቢ ይላክ፣ እናንተ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ አስመልሱት።

በአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ በፓራሊምፒክ፣ ብትጀምሩ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ከሁሉም በላይ ሰው ግራ የሚጋባው እዚያ ነው። በአትሌቲክስ የምድቡ ስም ፊደልና ቁጥር ነው፤ «ቲ» ሩጫና ዝላይ ነው፣ «ኤፍ» ውርወራ፤ ቁጥሩ የጉዳቱን ዓይነትና መጠን ያሳያል። ቲ11 ፈጽሞ ማየት ለማይችሉ ወይም ከዚያ ለሚቀርቡ ነው፤ ሁሉም እኩል እንዲሆኑ ዓይናቸውን ይሸፍናሉ፣ ከመሪ ሯጫቸው ጋር በገመድ ተያይዘው ይሮጣሉ። በፓሪስ የሴቶች ማራቶን ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ሦስተኛ ሆና ልትገባ ጥቂት ሜትር ሲቀራት መሪዋ ጡንቻው ተኮማትሮ ሊወድቅ ሆነ። እሱን ልትደግፍ ለቅጽበት ገመዱን ለቀቀችው። ተሰረዘች፤ ነሐሱም ለጃፓናዊቷ ተሰጠ። ሕጉ ያለው ሌላ ሯጭ ያለ መሪ ሮጦ ጥቅም እንዳያገኝ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። እሷ ግን ጊዜ አባከነች እንጂ ምንም አልተጠቀመችም። እንዲህ ላለው ጉዳይ ዳኛው የማመዛዘን ሥልጣን ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ። የማይስማማ አንባቢ ካለም ይጻፍና በገጻችሁ እንከራከርበት።

የዘወትር አንባቢያችሁ