የሜዳ ቴኒስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ 669 ካሬ ሜትር

የሜዳ ቴኒስ ክበባችን በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ካከናወናቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ራኬት የማይያዝባቸው ነበሩ። መስከረም ላይ አባላትን መዝግበን ወደ ልምምድ ስንወጣ፣ ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ያለው የሠፈሩ የሕዝብ ሜዳ ለጨዋታ ቀርቶ ለእግር መንገድም የሚያስቸግር ሆኖ አገኘነው። ጎን ለጎን ከሚገኙት ሁለት ሜዳዎች የአንደኛውን መሐል የክረምቱ ጎርፍ ቦርቡሮት ጠጠሩ አግጥጦ ወጥቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ የግንባታ ትርፍራፊ መጣያ ከሆነ ቆይቷል። መረቡ ተበጣጥሶ የቀረው ሽቦው ብቻ ስለነበረ የሠፈሩ ልጆች የማዳበሪያ ከረጢት ቀደው ሽቦው ላይ ሰፍተው ይጫወቱበት ነበር። ያን ስፌት ያየ ሰው ልጆቹ ጨዋታውን ምን ያህል እንደሚወዱት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በመጀመሪያው ስብሰባ የተነሣው ጥያቄ፣ ሜዳው እስኪጠገንልን እንጠብቅ ወይስ እኛው ለማስጠገን እንነሣ የሚል ነበር። አባላቱ ሁለተኛውን መረጡ። ከወረዳው ፈቃድ ጠይቀን አገኘን፤ ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቋምን፤ በሦስት ፈራሚዎች የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብም ከፈትን። ቶምቦላ እናዘጋጅ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም የሎተሪ ፈቃድ የሚያስፈልገው በመሆኑና ልጆችን በዕጣ ሽያጭ ማሠማራቱም ደስ ስላላለን ተውነው።

ሥራውን መልክ ያስያዘው ሒሳብ ነው። የዘጠነኛ ክፍል አባሎቻችን ሜትር ይዘው ወጥተው በጨዋታው ሕግ መሠረት የአንድ ሜዳ ርዝመት 23.77 ሜትር፣ የጥንድ ጨዋታ ስፋቱም 10.97 ሜትር መሆኑን በምድሩ ላይ አረጋገጡ። ተጫዋች ግን በመስመሩ ውስጥ ብቻ አይሮጥም፤ ከኋላና ከጎን የሚሯሯጥበት ቦታ ሲጨመር ይዞታው 36.57 በ18.29 ሜትር፣ ማለትም 669 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ተማሪዎቹ ትልልቅ ወረቀቶች አጣብቀው ሜዳውን በ669 ትናንሽ ሳጥኖች ከፋፍለው ሣሉት፤ የጥገናው ግምት ለ669 ተካፍሎ የአንዱ ካሬ ዋጋ ወጣ። ካሬ የገዛ ሁሉ ደረሰኙን ተቀብሎ በሳጥኑ ውስጥ ይፈርማል። ሰው ገንዘቡ የት እንደሚውል በጣቱ ጠቁሞ ማሳየት ሲችል ለመስጠት እንደማያመነታ በዚህ ዓመት በዓይኔ አይቻለሁ።

ወረቀቱን ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዘረጋ ነበር። ከዕለታት በአንዱ ከበሩ ፊት ለፊት ጉሊት የሚነግዱ እናት ወደ ጠረጴዛው ቀረቡና ወረቀቱን የያዘችውን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ከፍሎ ለሚጫወት ነው ወይስ ለሁሉም?» ሲሉ ጠየቋት። «ለሁሉም ነው እማማ» አለቻቸው። «እንግዲያውስ ከመሐሉ ስጡኝ፤ የዳሩን ጎርፍ ይወስደዋል» አሉ። የካሬውን ዋጋ በሦስት ቅዳሜ ከፍለው ጨረሱ፤ መፈረም ስለማይችሉም የአውራ ጣታቸውን አሻራ በመረቡ መስመር አጠገብ አሳረፉ። ከዚያ በኋላ አንድ ካሬ ለሁለትና ለሦስት ሆኖ መግዛት በሠፈሩ የተለመደ ሆነ፤ አንድ የመኪና አጣቢዎች ማኅበርም ከሰርቭ መምቻው መስመር ጎን አንድ ሙሉ ረድፍ ወሰደ።

ኅዳር ላይ አንድ ግለሰብ የአንዱን ሜዳ ሙሉ ወጪ ለመሸፈን ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹልን። ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ ሜዳው ታጥሮ እንዲቆለፍና የማለዳውና ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት ለእርሳቸውና ለእንግዶቻቸው እንዲጠበቅ ነበር። ኮሚቴው ሁለት ሙሉ ስብሰባ በዚህ ላይ ተከራከረ። አንድ የአሥረኛ ክፍል አባል ተነሥቶ፣ ለግማሽ ቀን የምናገኘው ጥሩ ሜዳ ቀኑን ሙሉ ከምናገኘው ጉድጓድ እንደሚሻል በጥሩ አነጋገር አስረዳ፤ ሐሳቡም በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። እኔ በበኩሌ የአልቲያ ጊብሰንን ታሪክ ነገርኳቸው። በኒው ዮርክ ሃርለም ሠፈር ለልጆች ጨዋታ ተብሎ ለመኪና በሚዘጋ ጎዳና ላይ ጨዋታ የጀመረችውን ይህችን ልጅ፣ በ1940 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጎረቤቶቿ ገንዘብ አዋጥተው የቴኒስ ክለብ አባል እንድትሆንና እንድትሠለጥን አደረጓት። በ1957 በእንግሊዝ የሚካሄደውን ታላቅ የቴኒስ ውድድር ዊምብልደንን ስታሸንፍ በዚያ ውድድር በነጠላ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ነበረች። እርሷ የጀመረችበትን ጎዳና የሚቆልፍ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቶቿ የሚያዋጡላት ልጅ መኖሯን እንኳ ባላወቁ ነበር። ድምፅ ተሰጥቶ ስጦታው በምስጋና ተመለሰ። ውሳኔው ሥራችንን በወራት እንዳዘገየው አልክድም፤ ለሁሉም ተብሎ የተሸጠን ካሬ መልሶ ማጠር ግን የእማማን አሻራ እንደ መሰረዝ ይቆጠር ስለነበር ዛሬም ትክክል እንደሠራን አምናለሁ።

ስለ ግንባታው በዝርዝር መናገር የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ውኃ ነው። በአውሮፓ ቀይ ሜዳ የሚሠራው ከተፈጨ ጡብ ነው፤ እኛ የመረጥነው ግን በቢሾፍቱ አካባቢ ከሚገኙት የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚወጣውን ቀይ አሸዋ ነው፤ ዋጋው ቀላል፣ ውኃ ማሳለፉም ጥሩ ነው። የመጀመሪያው መኪና የመጣው ሚያዝያ ላይ ሲሆን፣ ልጆቹ ቀዩን መሬት ለማየት እንደቸኮሉ ስላየሁ የውኃ መውረጃው ቦይ ሳይቆፈር አሸዋው እንዲነጠፍ ፈቀድኩ። በሦስተኛው ቀን የጣለው የበልግ ዝናብ የነጠፍነውን ግማሽ ያህል ጠርጎ ወደ መንገዱ አወረደው። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ለኮሚቴውም በጽሑፍ አሳወቅሁ። ወላጆች በደቦ ወጥተው ከላይኛው ጎን ቦይ ቆፈሩ፤ ከሥር ድንጋይ፣ ከላዩ ጠጠር ተደለደለ፤ ምድሩም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በዓይን በማይለይ ወጥ ተዳፋት ተስተካከለ። ተማሪዎቹ አሸዋውን በወንፊት ሽቦ እያበጠሩ፣ ውኃ እያርከፈከፉ በእጅ በሚጎተት መዳመጫ ደጋግመው ዳመጡት። ለሁለት ሳምንት የክበቡ አባላት በሙሉ ካልሲያቸው ቀይ ነበር።

ማስፋፊያውን በተመለከተ ሦስተኛ ሙሉ ሜዳ የሚል ሐሳብ ቢነሣም ቦታውም ገንዘቡም አልፈቀደም። ይልቁንም ትርፍራፊው ከተነሣ በኋላ በሁለተኛው ሜዳ ላይ በወርዱ አራት የሕፃናት ሜዳዎች እንዲሠመሩ ወሰንን። ከመደበኛው 75 በመቶ ያህል በሚዘገየው ቀይ ኳስ የሚጫወቱ ትናንሽ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ሜዳ ርዝመቱ ከ11 ሜትር ገደማ ስለማይበልጥ፣ አራት ሰው ይጫወትበት በነበረው ቦታ ላይ ስምንት ልጆች በአንድ ጊዜ በነጠላ መጫወት ይችላሉ። ከሜዳው ጫፍ የመለማመጃ ግድግዳ ቆሟል፤ መረቡ መሐሉ ላይ ያለው ከፍታ የሆነው 0.914 ሜትር በነጭ ቀለም ተሠምሮበታል። ባልደረባ ያላገኘ ልጅ ብቻውን የሚሠለጥንበት በመሆኑ ከሠራነው ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህን ግድግዳ ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ሁለት ካርቶን ኳስ ልከውልናል፤ እናመሰግናቸዋለን። ዳግመኛ ለመላክ ለሚያስቡ አንድ ነገር ላሳስብ፦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,219 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ለሚደረግ ጨዋታ ሕጉ ለየት ያለ ኳስ ይፈቅዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ መደበኛው ኳስ እዚህ ከልክ በላይ ይነጥርና ከአጥር ውጭ ያርፋል። ስለዚህ ለከፍታ ቦታ የተሠራውን ወይም ቀዩን የሕፃናት ኳስ ብትልኩልን የበለጠ ይጠቅመናል።

ይህ ዘገባ እስከተጻፈበት እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ ከ669ኙ ካሬ 431ዱ ተፈርሞባቸዋል። የመጀመሪያው ሜዳ ተጠናቅቆ መረቡ ተዘርግቷል፤ ሁለተኛው ቦዩ ተቆፍሮ ጠጠሩ ተደልድሏል፣ አሸዋው ግን ይቀረዋል። የገቢና የወጪው ዝርዝር ከነደረሰኙ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለተለጠፈ ማንም ሊመለከተው ይችላል። ክረምቱን አዲሱ ሜዳ እንዲያርፍ ዘግተነዋል፤ ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ግን ቦዩ በየሦስት ቀኑ ከቅጠልና ከደለል መጽዳት ስላለበት የተረኞች ዝርዝር በክበቡ ክፍል በር ላይ ይገኛል። ከነሐሴ 10 በኋላ ያሉት ተራዎች ገና ስላልተያዙ በሠፈሩ ያላችሁ ተማሪዎች ስማችሁን እንድታስመዘግቡ እጠይቃለሁ፤ አካፋ ከክበቡ ይሰጣል።