ማኪያቶ ለማይወደው ወንድማችን

ባለፈው ቅዳሜ ሲኒማ ቤት አጠገቤ የተቀመጥሽው እህት፣ ስለ ሶፍቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙሉውን ነው የጨረስኩብሽ። ጓደኞቼም ይቅርታ። "ያስቃል" ብላችሁ ነበር የወሰዳችሁኝ።

ፊልሙ ላይ ካንሰር የያዛት እናት አለች። ፀጉሯ ሲረግፍ ቻልኩት። አልጋ ስትይዝም ቻልኩት። ከዚያ ልጅዋ በመኪና ስትወስዳት፣ እናትየዋ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ደገፍ አደረገች። በቃ። እማዬን አየኋት። ከፊት ደግሞ አንተን አየሁህ፣ የላዳው ወንድማችን።

ስምህ ሲጠራ አትወድም፣ አልጠራም። ግን ለቅሶው ላይ "ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን" ስል አንተ ድንኳኑ ጥግ ውሃ ታድል ነበር። ለብቻህ አንዲት ቃል አላልኩህም። ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው።

የእማዬ ጨረር 25 ቀን ነበር። በሳምንት 5 ቀን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከአስኮ ጥቁር አንበሳ። የመጀመሪያ ቀን ሂሳብህን ተቀበልክ። በሁለተኛው "የነዳጅ ብቻ" አልክ። በሦስተኛው ሳምንት እሱንም ተውከው። የማህፀን በር ካንሰር ጨረር ሆድ እንደሚያበላሽ ሐኪሙ ነግሮናል። መንገድ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልነገረንም። አንተ በዚያ መንገድ ላይ መጸዳጃ ቤታቸው ንጹሕ የሆኑ ካፌዎችን አንድ በአንድ አጠናህ። እማዬ አፍራ ዝም ስትል በመስታወቱ ፊቷን ታይና "እትዬ፣ እኔ ማኪያቶ አማረኝ" ብለህ ታቆም ነበር። እሷም "ይሄ ልጅ ማኪያቶ ሊገድለው ነው" እያለች ትወርዳለች።

ማኪያቶ እንደማትወድ የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው፣ ከባለቤትህ።

አንድ ቀን ደግሞ የላዳው ወንበር ላይ... እሱን አልጽፈውም። አንተ ታውቃለህ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሬዲዮኑን ከፍ ያደረግከውን ግን አልረሳም።

ለነርሶቹ፣ ለጨረር ክፍል ባለሙያዎች፣ ለእድራችን፣ ለጎረቤቶቻችን፣ ከውጭ ለላካችሁልን ዘመዶች፣ ሁላችሁንም ያክብርልን። የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት መጥታችሁ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ለሰጣችሁም። ክትባቱ በአገራችን ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው። እማዬ የልጅቷን ክንድ እያሻሸች "በእኛ ጊዜ ይሄ ቢኖር" ያለችው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ። ያኔ ማን ገባ፣ ማን ወጣ አላውቅም ነበር። ገንፎ ያመጣችሁበት ሰማያዊ ሳህን እንኳ እስካሁን እኛ ጋ ነው። የማን ነው?

አንተ ደግሞ እሁድ ከባለቤትህ ጋር ቤት ኑ። ቡና ነው የማፈላው።