የጣና ዳር ደንገላችንን አጥር መልሶ ለማቆም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ ተወላጆችና ወዳጆች፦

በክረምቱ ማብቂያ ሐይቁ ሞልቶ ሲተኛ፣ ታንኳ የሚሠራበትን የውኃ ዳር ተክል፣ ደንገልን፣ ከከብት እንዲጠብቅ በእናንተ መዋጮ የቆመው አጥር ነፋስ እየገፋ ባመጣው የእምቦጭ አረም ክምር ተገንድሶ ወደቀ። «ገንዘባችንን ውኃ በላው» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል፤ ቅሬታችሁም ይገባናል። ይሁን እንጂ የወደቀው አጥሩ ነው፤ በእጃችን የተከልነው ደንገል ጭቃውን በሥሩ ይዞ ዛሬም ቆሟል።

አጥሩን በባሕር ዛፍ እንጨት ማሠራታችን ሲያስወቅሰን ቆይቷል። በጊዜው የነበረን ገንዘብ ለብረት ቋሚ ስለማይበቃ፣ ቀሪውን ለተከላውና ለጥበቃዎቹ ደመወዝ አውለነዋል፤ ከእኛ ከኮሚቴው አባላት አበል የወሰደ የለም። ደረሰኞቹ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ስላሉ መጥታችሁ ብትመረምሩ ደስ ይለናል።

ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘገብ ሁላችንም ኮርተን ነበር፤ ዳርቻው ግን በመዝገብ ብቻ አይጠበቅም። ደንገልና ፊላ የተባለው ሌላው የውኃ ዳር ተክል ከማሳ የሚታጠበውን ደለል ያስቀራሉ፤ ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦች ጥልቀት በሌለው ዳር ዳሩ ውኃ ይራባሉ፤ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ የሆነው ጥቁር ባለዘውድ ክሬን የተባለው ወፍም ጎጆውን የሚሠራው እንዲህ ባለው ረግረግ ነው። ከአውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡት ግራጫ ክሬኖችም ማረፊያ ይሻሉ። ደንገሉ ተመንጥሮ ባሕር ሸሹ፣ ማለትም ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት፣ እስከ ውኃው አፍ ከታረሰ ለእነዚህ ሁሉ መጠጊያ አይቀርም፤ ታንኳ የሚሠሩ ወንድሞቻችንም ደንገል ፍለጋ ርቀው መሄዳቸው ነው።

አሁን የምንለምነው ለብረት ቋሚ፣ ለሽቦና ለሲሚንቶ ነው። ውኃው እየሸሸ ነው፤ ከብቶቹ ለግጦሽ ወደ ዳርቻው ሳይወርዱ አጥሩ ካልቆመ ለጋው ደንገል አይተርፍም፤ የእስካሁኑ ድካማችንም ያን ጊዜ በእርግጥ ከንቱ ይሆናል። ደክሞናል፣ አንደብቅም። ነገር ግን ፍጥረትን መጠበቅ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የፈጣሪ አደራ ስለሆነ፣ ደጃችሁን ዳግም ለማንኳኳት አላፈርንም።

መዋጮው የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው፣ ያለ ሦስት ፈራሚዎች ወጪ በማይደረግበት የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ገንዘብ የማይመቻችሁ በጉልበት ወይም በሲሚንቶ መርዳት ትችላላችሁ። እባካችሁ፣ ለማንም ግለሰብ፣ የኮሚቴ አባል ቢሆንም እንኳ፣ ጥሬ ገንዘብ በእጅ አትስጡ፤ ሒሳቡ አንድ ብቻ ነው፤ ያስገባችሁበትንም ደረሰኝ ያዙልን።