ለእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ ደረሰሽ ሲሉኝ በጣም ደስ አለኝ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን እንግሊዝኛን የሚጀምሩት ከአንደኛ ክፍል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ደግሞ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእሱው ይማራሉ። መሠረቱ እንግዲህ አንቺ ጋ ነው።

አደራሽን፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያስባልሽ አትጀምሪ። በዜማ ይሸመድዱታል፤ ቃል ስትሰጫቸው ግን ማንበብ ያቅታቸዋል። ከፊደሉ ስም በፊት ድምፁን አስለምጃቸው።

«ሰን» (sun፣ ፀሐይ) ብለሽ ስንት ድምፅ እንደሰሙ ጠይቂያቸው። ሀሁን የቆጠረ ልጅ ሁለት ይልሻል፤ ሰ እና ን። እውነቱን ነው፤ የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ይዟል። እንግሊዝኛው ግን ሦስት ፊደል ይፈልጋል፦ ስ፣ ኧ፣ ን። እዚህች ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚቀረው።

ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ቆርኪ ስጪ። ቃሉን ቀስ ብለሽ ስትጠሪ፣ ለአንድ ድምፅ አንድ ቆርኪ ወደ ፊት ይግፋ። ጆሮው ሲለምድ ቆርኪው ላይ ፊደል ጻፊበት። በስ፣ ት፣ ፕ፣ ን እና በሁለት አናባቢዎች ብቻ ብዙ ቃል ይወጣል፦ «ፒን»፣ «ቲን»፣ «ሲት»፣ «ናፕ»። አንዷን ቆርኪ ቀይረው አዲስ ቃል ሲያገኙ ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። ተያቸው፣ ይጩኹ።

እንደ «ስኩል» በሁለት ተነባቢ የሚጀምሩትን ቃላት ለኋላ አቆዪ። «እስኩል» ቢሉ ማንም እንዳይስቅባቸው። አፋቸው የአማርኛን መንገድ ይዞ ነው፤ በጊዜው ይስተካከላል።

አማርኛ መናገርሽንም ማንም ነውር አያድርግብሽ። በአፍ መፍቻው አጥርቶ የሚያነብ ልጅ ሌላውንም ቶሎ ይይዛል። ጠዋት ጠዋት አንዱ ልጅ ያየውን በአማርኛ ይንገርሽ፤ አህያ ጠፋች፣ ዝናብ ዘነበ፣ ምንም ይሁን። ከዚያ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አብራችሁ አውጡና ሰሌዳው ላይ ጻፊው። በጣትሽ እያሳየሽ አንብቡት። መጽሐፍ ለሦስት ለአራት በሚደርስበት ክፍል ከዚህ የተሻለ ማንበቢያ የለም። የራሳቸው ወሬ ስለሆነ ትርጉሙ አይጠፋባቸውም።

ቆርኪውን ከሰፈር ግሮሰሪ እያጠራቀምኩልሽ ነው። ጠርዙ እጃቸውን እንዳይቆርጥ በመዶሻ ጠፍጥፌዋለሁ። ወደ አንቺ የሚመጣ ሰው እንዳገኘሁ እልክልሻለሁ። የተማሪዎችሽን ቁጥር ጻፊልኝ።

እናትሽ