«ምክንያት ካለው አይወቀስም» ላልሽው

ይድረስ ለልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ?

የጽሑፍሽን ረቂቅ አየሁት። «ድርጊቱ ምክንያት ካለው ሰውየው አይወቀስም» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ጽሑፉን ሁሉ ያናጋዋል። ምክንያት መኖርና መገደድ ይለያያሉ።

ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከካንት አትጀምሪ፣ ገና ነው። የአርስቶትልን የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር 3ኛ መጽሐፍ፣ የመጀመሪያዎቹን 5 ምዕራፎች አስቀድሚ። እሱ የሚጠይቀው የድርጊቱ መነሻ የት እንደሆነ ነው። ነፋስ የወሰደው ሰው መነሻው ከውጭ ነው፤ ማዕበል አስፈርቶት ጭነቱን ባሕር የሚጥል ግን እጁን ያንቀሳቀሰው ራሱ ነው። አርስቶትል ይህን ድብልቅ ቢለውም ወደ ፈቃድ ያደላል ባይ ነው።

ከዚያ ስቶይክ ከሚባሉት የጥንት ግሪክ ፈላስፎች አንዱን፣ ክሪሲፖስን ያዢ፤ ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ዕጣ ፈንታ በጻፈው ድርሰት ውስጥ ታገኚዋለሽ። ሲሊንደርና ሾጣጣ ካልተገፉ አይንቀሳቀሱም። ከተገፉ በኋላ ግን አንዱ የሚንከባለለው፣ ሌላው የሚሽከረከረው በየራሳቸው ቅርጽ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው፦ ከውጭ ወደ አእምሮው የሚመጣው ነገር ይገፋዋል፤ እሺ ማለትና እምቢ ማለት የባሕርይ ነው። ቅርጹንስ ማን ሰጠው? ብዙ ተማሪ ይህን ጥያቄ ይዘለዋል፤ አንቺ ግን ግማሹን ገጽሽን ለእሱ ብትሰጪ አይበዛበትም።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ስለ ሰው ማስተዋል ባሳተመው «ምርምር» በተባለ መጽሐፍ 8ኛ ክፍል ነጻነት የሚቃረነው ከመገደድ እንጂ ከምክንያት አይደለም ይላል፤ በሰንሰለት ያልታሰረ ሰው ሁሉ ይህ ነጻነት አለው። እንዲያውም ድርጊቱ ከባሕርዩ ካልመነጨ በምን ይወቀሳል? «ነው» ከሚለው ወደ «ይገባል» ስለመሻገር፣ ማለትም ካለው ነገር ተነሥቶ መሆን ስለሚገባው ስለመደምደም የጻፈውን እዚህ አትቀላቅዪው፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1788 እንዲህ ያለውን ነጻነት አንዴ ከተጠመዘዘ በኋላ ራሱ ከሚዞር የሥጋ መጥበሻ ዘንግ ጋር አመሳስሎ አላገጠበት። «ካንት አንዳንድ ድርጊቶችን ከምክንያት ነጻ አወጣ» ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። ለእሱ ያው አንድ ድርጊት በሚታየው ዓለም ሙሉ በሙሉ ምክንያት አለው፤ ከሚታየው ባሻገር ሲታሰብ ግን ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 ባሳተመው መጽሐፉ ተንኮለኛ ውሸታም ያቀርባል፤ መጥፎ አስተዳደጉን፣ ክፉ ጓደኞቹን፣ ቅብጠቱን ሁሉ እንመረምራለን፤ ከዚያም እንወቅሰዋለን። የሂዩምን መልስ እዚሁ ውሸታም ላይ አውርጂና ከካንት ጋር አፋጥጫቸው፤ ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ በ3 ዓረፍተ ነገር ጻፊና መልሰሽ ላኪልኝ።

አባትሽ